ሥልጣናቸውን ለፓርቲ ጥቅም ያላዋሉት አገረ ገዢ፦ ጆን ጄይ እና የ1800 የኒውዮርክ ምርጫ

አሜሪካ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ከባድ የመንግሥት ኃላፊነት ከተሸከሙት ሰዎች መካከል ጆን ጄይ አንዱ ናቸው። የአህጉራዊው ኮንግረስ ፕሬዚዳንት፣ የሰላም ውል ተደራዳሪ፣ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ እንዲሁም የኒውዮርክ ግዛት አገረ ገዢ በመሆን አገልግለዋል።

ይሁንና የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጄይ ሰብዕና ሲያወሱ ደጋግመው የሚያነሱት በሥልጣናቸው ያከናወኑትን ብቻ ሳይሆን ሊያከናውኑት እየቻሉ የተዉትን አንድ ጉዳይ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ በ1800 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማንነት በኒውዮርክ ግዛት ውጤት ላይ በተንጠለጠለበት ወቅት፣ የራሳቸው ፓርቲ የተሸነፈበትን ምርጫ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው እንዲቀለብሱ ተጠይቀው ጥያቄውን ሳይቀበሉ ቀርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ጆን ጄይ በዲሴምበር 12 ቀን 1745 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በአባታቸው ወገን በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ከተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ሲወለዱ፣ በእናታቸው ወገን ደግሞ ቫን ኮርትላንት ከተባለው የታወቀ የደች ዝርያ ያለው ቤተሰብ ይወለዳሉ። አባታቸው ፒተር ጄይ ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩ። ቤተሰቡ ጆን ገና ሕፃን ሳሉ ራይ ወደተባለችው የገጠር መንደር በመዛወሩ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚያው ነው።

በ1760 በ14 ዓመታቸው ዛሬ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እየተባለ ወደሚጠራው የያኔው ኪንግስ ኮሌጅ ገቡ። በ1764 ትምህርታቸውን አጠናቀው ሕግ ካጠኑ በኋላ በ1768 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። በ1774 ሳራ ሊቪንግስተንን አገቡ። ሳራ ኋላ የኒውጀርሲ አገረ ገዢ የሆኑት የዊሊያም ሊቪንግስተን ልጅ ነበሩ። የሊቪንግስተን ቤተሰብ በኒውዮርክ ፖለቲካ ውስጥ ሰፊ ድርሻ የነበረው ሲሆን፣ ይህ ዝምድና ከዓመታት በኋላ ለጄይ ድጋፍም ተቃውሞም ይዞባቸው መጥቷል።

ከጥብቅና ወደ አደባባይ

ጄይ በዚያው በ1774 በፊላዴልፊያ በተሰበሰበው የመጀመሪያው አህጉራዊ ኮንግረስ ኒውዮርክን ወክለው ተገኙ። መጀመሪያ ላይ ከብሪታንያ ጋር እርቅ እንዲወርድ ይደግፉ ከነበሩት ለዘብተኞች ወገን ነበሩ። እርቁ የማይሆን መሆኑን ሲረዱ ግን ለነፃነት ትግሉ ሙሉ በሙሉ ተሰለፉ።

በ1777 የኒውዮርክ ግዛት የራሷን ሕገ መንግሥት ስታወጣ ዋናው አርቃቂ ጄይ ነበሩ። ሰነዱ ለአገረ ገዢው ከሰጣቸው ሥልጣኖች አንዱ ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ምክር ቤቱን ለአስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ነበር። ከ23 ዓመታት በኋላ በገዛ ብዕራቸው የተጻፈው ይህ ድንጋጌ ራሳቸውን የሚፈትን ጥያቄ ሆኖ ከፊታቸው ይቀርባል ብሎ በጊዜው የጠረጠረ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ግዛት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ሆኑ። ከ1778 መጨረሻ እስከ 1779 የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ሆነው ከሠሩ በኋላ ወደ ስፔን በመልእክተኝነት ተላኩ። ቀጥሎም ከቤንጃሚን ፍራንክሊን እና ከጆን አዳምስ ጋር በፓሪስ ከብሪታንያ ጋር ተደራደሩ። ጄይ ድርድሩ ከመቀጠሉ በፊት ብሪታንያ አሜሪካን እንደ ነፃ አገር ቆጥራ መነጋገር አለባት በሚለው አቋማቸው ጸንተዋል። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 የተፈረመው የፓሪስ ውል የአሜሪካን ነፃነት ያረጋገጠ ሲሆን የምዕራብ ወሰኗንም እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ አድርሶታል።

ከፓሪስ ሲመለሱ እስከ 1789 የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። የማዕከላዊውን መንግሥት አቅም ማነስ በሥራቸው በየቀኑ ይመለከቱ ስለነበር አዲሱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ከአሌክሳንደር ሀሚልተንና ከጄምስ ማዲሰን ጋር በመሆን ጽሑፎችን አዘጋጁ። ፌዴራሊስት በሚል መጠሪያ ከወጡት 85 ጽሑፎች አምስቱ የእርሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ጸድቆ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ጄይን በ1789 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

በ108 ድምፅ የታጣ ሥልጣን

ጄይ በምርጫ ሕግ አተረጓጎም የተጎዱበት አጋጣሚ ቀደም ሲል በ1792 ተፈጽሟል። በዚያ ዓመት ዋና ዳኛ እንደሆኑ ለኒውዮርክ አገረ ገዢነት ለረጅም ጊዜ በሥልጣን ከቆዩት ከጆርጅ ክሊንተን ጋር ተወዳደሩ። ድምፅ ሲቆጠር የኦትሴጎ፣ የቲዮጋ እና የክሊንተን አውራጃዎች የምርጫ ሣጥኖች አጨቃጫቂ ሆኑ። ሣጥኖቹን ወደ ቆጣሪው ኮሚቴ ያደረሱት ሰዎች በሕግ የተወከሉ አይደሉም የሚል ምክንያት ቀረበ። የክሊንተን ደጋፊዎች የበዙበት ኮሚቴም የሦስቱን አውራጃዎች ድምፅ ውድቅ አደረገ። በዚህም ክሊንተን በ8 ሺህ 440 ድምፅ፣ ጄይ ደግሞ በ8 ሺህ 332 ድምፅ ተመዘገቡ። ልዩነቱ 108 ብቻ ነበር።

የመራጩ ፍላጎት በአፈጻጸም ጉድለት ሰበብ ተሽሯል የሚሉ የጄይ ደጋፊዎች በየከተማው ስብሰባ ጠሩ። ውጤቱን በኃይል ማስለወጥ ይገባል የሚል ንግግርም ተሰማ። ጄይ ግን ደጋፊዎቻቸው ከሕግ ውጭ እንዳይንቀሳቀሱና ሰላም እንዲጠብቁ መከሩ፤ ወደ ዳኝነት ወንበራቸውም ተመለሱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ከብሪታንያ ጋር ያንዣበበውን የጦርነት ስጋት እንዲያስወግዱ ጄይን ወደ ለንደን ላኳቸው። በኖቬምበር 19 ቀን 1794 የተፈረመውና በስማቸው የሚጠራው የጄይ ውል ብሪታንያ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛት ይዛቸው የነበሩትን ምሽጎች እንድትለቅ ያደረገ ቢሆንም፣ በባሕር ንግድ በኩል የሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው ተብሎ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በልዩ ልዩ ከተሞች የጄይ ምስል በአደባባይ ተቃጠለ። ሴኔቱ ውሉን ያጸደቀው በ20 ለ10 ድምፅ፣ ማለትም በሕገ መንግሥቱ በተጠየቀው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ልክ ነበር። የውሉ ይዘት ለሕዝብ ከመገለጹ በፊት በ1795 የጸደይ ወራት በተካሄደው ምርጫ ግን ጄይ በሌሉበት የኒውዮርክ አገረ ገዢ ሆነው ተመርጠው ነበር። ከአውሮፓ ሲመለሱም የዋና ዳኝነት ሥራቸውን ለቀው አዲሱን ኃላፊነት ተረከቡ።

አገረ ገዢው በሥራ ላይ

ጄይ በ1798 የቀድሞ የጥብቅና ባልደረባቸውን ሮበርት ሊቪንግስተንን አሸንፈው ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ። በዘመናቸው የግዛቲቱ መቀመጫ ከ1797 ጀምሮ ወደ አልባኒ ተዛውሯል። ልጃቸው ዊሊያም ጄይ በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደተገለጸው፣ አገረ ገዢው ሠራተኛ ሲሾሙም ሆነ ሲሽሩ የፓርቲ ወገንተኝነትን መለኪያ አላደረጉም፤ የፖለቲካ አመለካከቱ ተለየ ተብሎ ከሥራው የተባረረ ሰውም አልነበረም።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ቦታ የሚሰጠው በ1799 የፈረሙት ባርነትን ቀስ በቀስ የማስቀረት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከጁላይ 4 ቀን 1799 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለዱ ልጆች ነፃ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ እስከ 28 ዓመታቸው፣ ሴቶቹ እስከ 25 ዓመታቸው የእናታቸውን ጌታ እንዲያገለግሉ ተደነገገ። በባርነት ላይ የነበሩት ግን ወዲያው ነፃ አልወጡም። በግዛቲቱ ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው።

በዚህ ረገድ የጄይ ሕይወት ተቃርኖ ያልተለየው እንደነበር መግለጽ ተገቢ ነው። ቤተሰባቸውም ሆኑ እርሳቸው ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። በ1785 ባሪያዎች ነፃ እንዲወጡ የሚሠራ ማኅበር በኒውዮርክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቢሆኑም፣ በቤታቸው የነበሩትን ነፃ ያወጡት ባገለገሉበት ጊዜ ዋጋቸውን ከፍለዋል ባሉ ጊዜ ነበር። ሕጉን ከፈረሙ በኋላም በቤታቸው ባሪያዎች ነበሩ።

የአገሪቱን ዕጣ የያዘች ግዛት

የ1800 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ አገሪቱ በሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ፣ ሀሚልተንና ጄይ የፌዴራሊስት ፓርቲ ወገን ሲሆኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ ሪፐብሊካን የተባለውን ተቃዋሚ ወገን ይመሩ ነበር። ይህ ፓርቲ ዛሬ በዚህ ስም ከሚጠራው ፓርቲ ጋር አንድ አይደለም። በ1796 አዳምስ ያሸነፉት በ71 ለ68 ድምፅ ሲሆን፣ የኒውዮርክ 12 ድምፆች በሙሉ የእርሳቸው ነበሩ።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ከየግዛቱ የሚላኩ የመራጭ ወኪሎች ናቸው። ወኪሎቹ የሚሰየሙበትን መንገድ የሚወስነው የየግዛቱ ምክር ቤት ነው። በኒውዮርክ ወኪሎቹን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ራሱ የግዛቲቱ ምክር ቤት ነበር። ሁለቱ ምክር ቤቶች በእጩዎች ካልተስማሙ በጋራ ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ። በመሆኑም በጸደይ ወራት ለግዛቲቱ ምክር ቤት የሚደረገው ምርጫ በተዘዋዋሪ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ሚዛኑን የሚደፋው 13 መቀመጫዎች የነበሩት የኒውዮርክ ከተማ ነበር።

የምርጫ ሥርዓትን ለራስ እንዲያመች አድርጎ ማስተካከል በዚያ ዓመት እንግዳ ነገር አልነበረም። የጄፈርሰን ግዛት ቨርጂኒያ ወኪሎች በየምርጫ ወረዳው መመረጣቸው ቀርቶ አሸናፊው ሁሉንም እንዲወስድ ስትደነግግ፣ የአዳምስ ግዛት ማሳቹሴትስ ደግሞ ምርጫውን ከሕዝቡ ወስዳ ለምክር ቤቷ ሰጠች። በኒውዮርክም ሪፐብሊካኖች ወኪሎቹ በየወረዳው በሕዝብ እንዲመረጡ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በምክር ቤቱ አብላጫ የነበራቸው ፌዴራሊስቶች በማሸነፋቸው እርግጠኞች ስለነበሩ ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት።

የሪፐብሊካኖችን ዘመቻ የመሩት አሮን ቡር ነበሩ። ቡር የተፎካካሪዎቻቸው ዝርዝር እስኪወጣ የራሳቸውን እጩዎች በምስጢር ያዙ። በኋላ ይፋ ያደረጉት ዝርዝር የቀድሞውን አገረ ገዢ ጆርጅ ክሊንተንን፣ በነፃነት ጦርነቱ ስመ ጥር የነበሩትን ጄኔራል ሆሬሺዮ ጌትስን እና የጄይን የባለቤታቸውን ወንድም ብሮክሆልስት ሊቪንግስተንን የያዘ ነበር። ሀሚልተን ያቀረቧቸው እጩዎች ግን እምብዛም የማይታወቁ ነበሩ። የቡር ረዳቶች የከተማዋን መራጮች በስም መዝግበው፣ የእያንዳንዱን ዝንባሌ አጥንተው ቤት ለቤት ቀሰቀሱ።

ድምፅ የተሰጠው ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 1 ቀን 1800 ለሦስት ቀናት ነበር። ቡርና ሀሚልተን ከአንዱ የምርጫ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ለመራጮች ንግግር አደረጉ። ቆጠራው ሲያበቃ ሪፐብሊካኖች 13ቱንም የከተማዋን መቀመጫዎች አሸንፈው ተገኙ። በግዛቲቱ ሴኔት ፌዴራሊስቶች አብላጫነታቸውን ባያጡም፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ሲቀመጡ ብልጫው የሪፐብሊካኖች እንደሚሆን ታወቀ። ይህም የኒውዮርክ 12 ድምፆች ወደ ጄፈርሰን መሄዳቸውን የሚያረጋግጥ ነበር።

ምላሽ ያልተሰጠው ደብዳቤ

ሀሚልተን በሜይ 7 ቀን 1800 ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ጻፉ። አዲስ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በጁላይ ወር በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ የፌዴራሊስቶች የሆነው ነባሩ ምክር ቤት ሕጋዊ ነበር። ሀሚልተን የጠየቁት ጄይ ይህንኑ ምክር ቤት ለአስቸኳይ ስብሰባ እንዲጠሩና ወኪሎቹ በየምርጫ ወረዳው በሕዝብ እንዲመረጡ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ነበር። ይህ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ሪፐብሊካኖች ሲያቀርቡት ፌዴራሊስቶች የጣሉት ሐሳብ ነው። ሀሚልተን የጄፈርሰን መመረጥ ለአገሪቱ አደጋ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሥነ ሥርዓት ከመጠን በላይ መጨነቅ አይገባም የሚል መከራከሪያ አቀረቡ።

ጥያቄው በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። አገረ ገዢው ምክር ቤቱን የመጥራት ሥልጣን በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ተሰጥቷቸዋል፤ ድንጋጌውንም ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ወኪሎች የሚመረጡበትን መንገድ መለወጥም በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ለምክር ቤቱ የተተወ ነው። ስለዚህ እርምጃው ከሕግ ፊደል አንጻር ሊያስጠይቃቸው የሚችል አይመስልም ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡት ደግሞ የረጅም ጊዜ የትግል ጓደኛቸው ነበሩ። ጄይ ራሳቸውም የጄፈርሰንን ወገን ፖሊሲ የሚቃወሙ ጽኑ ፌዴራሊስት ነበሩ።

ጄይ ምክር ቤቱን አልጠሩም። ለሀሚልተን ምላሽ ስለ መስጠታቸውም የተገኘ ማስረጃ የለም። ደብዳቤው ከሰነዶቻቸው መካከል ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ በእጃቸው አጭር ማስታወሻ ተጽፎበት ተገኝቷል። የማስታወሻው ፍሬ ሐሳብ፣ የቀረበው እርምጃ ለፓርቲ ዓላማ የታሰበ በመሆኑ መቀበሉ እንደማይገባቸው የሚገልጽ ነው።

ጄይ የለዩት ነጥብ ግልጽ ነበር። ቨርጂኒያና ማሳቹሴትስ ሥርዓታቸውን የለወጡት መራጩ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ነው። ሀሚልተን የጠየቁት ግን ሕዝቡ ነባሩን ደንብ አምኖ ድምፁን ከሰጠና ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ደንቡ እንዲለወጥ ነው። ለአስቸኳይ ጉዳይ የተሰጠ ሥልጣን የመራጩን ውሳኔ ለመሻር ቢውል፣ በ1792 በእርሳቸው ላይ ከደረሰው የሚብስ እንጂ የሚያንስ በደል አይሆንም ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚለው የአበው አባባል የአገረ ገዢውን አቋም በሚገባ ይገልጸዋል።

የውሳኔው ዋጋ

በኖቬምበር 1800 አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ 12 ሪፐብሊካን ወኪሎችን መረጠ። የመላው አገሪቱ ድምፅ ሲደመር ጄፈርሰንና ቡር እኩል 73፣ አዳምስ 65፣ ቻርልስ ፒንክኒ 64 ድምፅ አገኙ። ከሮድ አይላንድ የመጡ አንድ ወኪል ደግሞ ድምፃቸውን ለጄይ ሰጥተው ስለነበር የአገረ ገዢው ስምም በአንድ ድምፅ ተመዝግቧል።

የጄይ ዝምታ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከቁጥሮቹ መረዳት ይቻላል። ጠቅላላው የወኪሎች ቁጥር 138 በመሆኑ ለማሸነፍ 70 ድምፅ ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቀጥል፣ በወረዳ በሚደረግ ምርጫ ከኒውዮርክ 12 ወኪሎች አምስቱ ብቻ ለአዳምስ ቢደርሱ አዳምስ 70፣ ጄፈርሰን 68 ድምፅ ይዘው በፕሬዚዳንትነት የሚቀጥሉት አዳምስ በሆኑ ነበር።

ጄፈርሰንና ቡር እኩል በመውጣታቸው ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት አመራ። ምክር ቤቱ ከፌብሩዋሪ 11 ቀን 1801 ጀምሮ ድምፅ ሲሰጥ ቆይቶ በ7ኛው ቀን በ36ኛው ዙር ጄፈርሰንን መረጠ። ሥልጣን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ያለ ደም መፋሰስ ተላለፈ። እንዲህ ያለ መጓተት እንዳይደገም በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ፕሬዚዳንት በተናጠል ድምፅ እንዲሰጥ ደነገገ። ኒውዮርክም እስከ 1824 ምርጫ ወኪሎቿን በምክር ቤቷ ስትመርጥ ቆይታ በ1828 ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫውን ለሕዝቡ አስረከበች።

ከሥልጣን በፈቃድ መሰናበት

አዳምስ ከሥልጣን ከመውረዳቸው በፊት በ1800 መጨረሻ ጄይን እንደገና ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኝነት አጩ፤ ሴኔቱም ሹመቱን አጸደቀ። ጄይ ግን የጤንነታቸውን ሁኔታና ፍርድ ቤቱ በጊዜው ተገቢው ክብደት ያልነበረው መሆኑን ጠቅሰው አልተቀበሉም። በምትካቸው የተሾሙት ጆን ማርሻል ተቋሙን ለ34 ዓመታት በመምራት ታላቅ አድርገውታል።

የአገረ ገዢነታቸው የመጨረሻ ወራት ሰላም የሰፈነባቸው አልነበሩም። በሹመት ጉባኤው አብላጫ ያገኙት ሪፐብሊካኖች እጩ የማቅረብ መብት የአገረ ገዢው ብቻ አይደለም በማለት ተከራከሩ። ጄይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት መብቱ የአገረ ገዢው ነው በሚል አቋማቸው በመጽናታቸው ሹመት ተቋረጠ። በ1801 የተጠራ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ግን መብቱ የጋራ ነው ሲል ወሰነ። የጉባኤው ሰብሳቢ አሮን ቡር ነበሩ።

ጄይ በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለጆርጅ ክሊንተን አስረክበው በዌስትቸስተር አውራጃ ቤድፎርድ ወደሚገኘው እርሻቸው ሄዱ። በ1792 በአከራካሪ ቆጠራ ያሸነፏቸው ሰው አሁን የተተኩት በሕዝብ ምርጫ ነው። በቀጣዩ ዓመት ባለቤታቸው ሳራ አረፉ። ሀሚልተን በ1804 ከቡር ጋር ባደረጉት የሽጉጥ ፍልሚያ ቆስለው ሲሞቱ፣ ጄይ ከፖለቲካው ርቀው በእርሻ ሥራና በሃይማኖት ማኅበራት አገልግሎት ቀሪ ዘመናቸውን አሳለፉ። በ1819 ግን ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ድምፃቸውን አሰምተዋል።

ጆን ጄይ በሜይ 17 ቀን 1829 በ83 ዓመታቸው አርፈው በልጅነት መንደራቸው በራይ በሚገኘው የቤተሰቡ መካነ መቃብር ተቀብረዋል። የቤድፎርድ መኖሪያቸው በታሪካዊ ሥፍራነት ተጠብቆ ይጎበኛል። በኒውዮርክ ከተማ የሚገኝ የወንጀል ፍትሕ ኮሌጅም በስማቸው ተሰይሟል።

ጄይ ከፈረሟቸው ውሎችና ካረቀቋቸው ሕጎች ጎን ለጎን ያ በጀርባው ማስታወሻ የተጻፈበት ደብዳቤም የታሪካቸው አካል ሆኖ ቆይቷል። የሕግ ፊደል ሲፈቅድላቸው፣ ወዳጅ ሲያግባባቸውና የፓርቲያቸው ዕጣ በእጃቸው ሳለ የመራጩን ውሳኔ ሳይነኩ ማለፋቸው፣ ለሕዝብ አገልግሎት የተሰጠ ሥልጣን ከታሰበለት ዓላማ ውጭ እንዳይውል የመጠበቅ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።